የሐማል ደሴት ሣር

በዘርማት ከተማ መካከል የሚገኘው፣ ለሺህ ዓመት ጣፋጭ ውኃ ሲያጠጣ የኖረው የሰባቱ ነገሥታት ጉድጓድ አንድ ማለዳ ጨው ሆነ። ውኃ ቀጂዎቹ ቀምሰው ተፉት፤ እንስራቸውንም ደፉ። ወዲያው አንድ ዓሣ አጥማጅ ሮጦ መጥቶ ዙፋኑ ፊት ወደቀ። ባሕሩን ከከተማይቱ አግዶ የኖረው ረጅሙ የአሸዋ ደሴት ሐማል ወገቡ ተቆርጦ፣ ማዕበሉ በዚያ በኩል እየገባ ነበር።

«ዘንዶው ነው» አሉ የኮከብ ቆጣሪዎች አለቃ። «የሰሜኑ በረዶ መቅለጥ ከጀመረ ወዲህ ባሕሩ በየዓመቱ ጣት ጣት ያህል ይወጣል። ዘንዶውም አብሮት ተነሥቶ ደሴቱን ነከሰው። ደሴቱን መልሶ የሚገጥመውን የሣር ሥር ከሩቁ የፌርጋ ደሴት የሚያመጣ ጀግና ካልተገኘ፣ ዘርማት የዓሣ መዋያ ትሆናለች።»

ሸንጎው ሁሉ ዞሮ ወጣቱን የጦር አለቃ ሐርማንን አየ። የተራራ ወራሪዎችን የመለሰ፣ በየሰፈሩ የሚዘፈንለት እሱ ነበር።

«በአባቴ ጋሻ እምላለሁ» አለ ሐርማን፤ «ሥሩን ሳልይዝ ብመለስ ስሜ ከዘርማት ይጥፋ።»

አዳራሹ በእልልታ ተናወጠ። የእሱን ፊት ግን ኀፍረት እንደ እሳት ይለበልበው ነበር። ደሴቱን የነከሰው ዘንዶ እንዳልሆነ ያውቃል።

የተራራ ወራሪዎቹን ድል ያደረገ ጊዜ ንጉሡ ግብር አበሉለት። ዝናቡ ሁለት ዓመት ቀርቶ ነበርና ለወለሉ የሚጎዘጎዝ ሣር በሸለቆው ታጣ። በዘርማት ያለ ጉዝጓዝ ግብር መቀመጥ ውርደት ነው። ስለዚህ ሐርማን አርባ ወታደር ወደ ሐማል ላከ። «ቶሎ እንዳይጠወልግ ከነሥሩ ንቀሉት» ብሎ ያዘዘውም ራሱ ነው። ሁለት ቀን ጨፈሩበት፤ በሦስተኛው ቀን ተጠርጎ ተጣለ።

ወደ ፌርጋ በሚሄደው ጀልባ ከሐርማን ጋር ሁለት ሰዎች ተሳፈሩ፦ ቀዛፊው ጎምሉና ቤታቸውን ማዕበል የወሰደባቸው የሐማል አሮጊት፣ እማማ ሴፋን።

«አሁን እማማ፣ ሣር ባሕር ያቆማል ብለው ነው?» አለ ጎምሉ እየሳቀ። «የእኔ አህያ በአንድ ጉርሻ ትጨርሰዋለች እኮ።»

«አህያህ ከአንተ ትሻላለች፤ የማታውቀውን አትናገርም» አሉት። «ነፋስ አሸዋ ሲያመጣ ሣሩ ይይዘዋል። አሸዋው ሲቀብረው አለቀለት ትላለህ፤ እሱ ግን በላዩ ያድጋል። ደግሞ ይቀበራል፣ ደግሞ ያድጋል። ባሕሩ ከፍ ባለ ቁጥር ደሴቱም አብሮ ከፍ የሚለው በእሱ ነው። የተነቀለ ዕለት አሸዋውን ነፋስ ይበትነዋል፤ የቀረውን ማዕበል ይልሰዋል።»

«ታዲያ ማን ነቀለው?»

እማማ ሴፋን ባሕሩን አዩ። ሐርማን አንገቱን ደፍቶ መቅዘፉን ቀጠለ።

በዘጠነኛው ቀን ፌርጋ ደረሱ። የደሴቱ ጠባቂ ዑራን ገላው ነፋስ፣ ቀንዱ የባሕር ዛጎል ነበር። ሐርማን ሰይፉን መዞ ሦስቴ ወጋው፤ ሰይፉ አየር ቆረጠ።

«ሰይፍህን መልስ» አለ ዑራን። «ሥሩን ያለ ጠብ ውሰድ። ነገር ግን በባዶ አሸዋ ላይ አይዝም። ነፋሱን የሚሰብርለት ሕያው ሰው አጠገቡ ይቀመጥ፤ አሸዋው ያን ሰው ራሱን እስኪቀብረውም አይነሣ።»

ሐማል ሲመለሱ ሐርማን በተቆረጠው የደሴቱ ወገብ ዳር ሥሩን ተክሎ ከጎኑ ተቀመጠ። እማማ ሴፋን ትከሻውን ያዙት።

«ተነሣ፣ ልጄ።»

«ይህ የእኔ ድርሻ ነው፣ እማማ። እርስዎ ስለማያውቁ ነው እንጂ…»

«አውቃለሁ። ወታደሮችህ ሣሬን ሲነቅሉ በስምህ እየዘፈኑ ነበር።» ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ይህ ከቁጣው ይብስ ነበር። «መሞት ይቀልሃል። የሚከብድህ ሰው ፊት ቆመህ መናገሩ ነው። ቀላሉን ለእኔ ተወው፤ እኔ እዚሁ ነው የተወለድኩት።»

ነጠላቸውን ተከናንበው፣ ጀርባቸውን ለባሕሩ ሰጥተው ተቀመጡ። ሦስት ቀን ነፈሰ። አሸዋው ጉልበታቸውን፣ ደረታቸውን ዋጠ። ሐርማን ሁለት ጊዜ በእጁ ሊቆፍራቸው ሞከረ፤ ሁለት ጊዜም እጁን መቱት። ሦስተኛ ጊዜ ሲሞክር የሚመታው እጅ አልነበረም። ጎምሉ ፊቱን በመቅዘፊያው ከልሎ አለቀሰ።

በአራተኛው ቀን ከነጠላቸው በላይ ሣር ወጣ። ከዚያም እየተሳበ፣ አሸዋ እየያዘ፣ የተቆረጠውን የደሴቱን ወገብ ገጠመው። የክረምቱ ማዕበል መጥቶ ገጨው፤ ተመልሶም ሄደ።

ጉድጓዱ ሲጣፍጥ ንጉሡ ከነሕዝባቸው በጀልባ ወደ ሐማል መጡ። ልጃገረዶቹ ገና ከመውረዳቸው ለጀግናው እግር ሊጎዘጉዙ ጎንበስ ብለው ሣሩን መንቀል ጀመሩ።

«አትንቀሉት» አለ ሐርማን። በጦር ሜዳ የሚያውቁት ድምፅ አልነበረም። ተንበረከከ። «ንጉሥ ሆይ፣ ዘንዶ አልነበረም። ደሴቱን የሰበርኩት እኔ ነኝ። በግብሬ ቀን የረገጣችሁት ይህንን ነበር። ያዳናችሁም እኔ አይደለሁም፤ ከዚህ አሸዋ ሥር ያሉት እማማ ሴፋን ናቸው።»

እልልታው ተቋረጠ። ንጉሡ ለሽልማት ያመጡትን የወርቅ ጦር እንደያዙ ወደ ጀልባቸው ተመለሱ። ሕዝቡም አንድ በአንድ ተከተላቸው።

አንዲት ልጃገረድ ብቻ፣ ሥሩ የተንጠለጠለ ሣር በእጇ ይዛ፣ ቆማ ቀረች።

«ይሄን ምን ላድርገው?» አለችው።

ሐርማን ቀና ብሎ ሊያያት አልደፈረም። ሣሩን ከእጇ ተቀበለና አሸዋውን በጣቱ ይቆፍር ጀመር።