ከቃታው ኋላ ያለው ጣት

ይሄ ተረት አይደለም። ቻናል ላይ የምታነቡትን ሁሉ «ፈጠራ ነው» እያላችሁ የምታልፉ ሰዎች ይሄንንም እለፉት፤ ደንታዬም አይደል። እኔ ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በእጄም ነክቼዋለሁ።

ደግሞ ጨለማ ምናምን እንዳይመስላችሁ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው። አቃቂ፣ ከአሮጌው የባቡር ሐዲድ ጀርባ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ውጪ ባጃጆች እየጮኹ...

ሌንሳ እባላለሁ። መከላከያ እያለሁ የተማርኩት የመሳሪያ ጥገና ነው። ከወጣሁ በኋላ ለፋብሪካና ለመጋዘን ጥበቃ የሚያቀርብ ድርጅት ቀጠረኝ። ሥራዬ የጥበቃዎቹን ጠመንጃ መፍታት፣ ማጽዳትና ያለቀውን ዕቃ መለወጥ ነው። «ሴት ሆና ጠመንጃ?» የሚል ካለ ይበል፣ ለምጄዋለሁ።

ቢራ የሚባለው ታናሽ ወንድሜም እዚያው ድርጅት ጥበቃ ነበር፤ የአንድ ብረታ ብረት መጋዘን በር ላይ።

ነበር...

ባለፈው ክረምት ደረቱን በራሱ መሳሪያ ተመቶ ተገኘ። የጥበቃ ኃላፊው ፀሐዩ አፉን ሞልቶ «ራሱን አጠፋ» ብሎ ቃሉን ሰጠ። ሌላ ያየ ሰው የለም ተባለና ፋይሉ ተዘጋ።

ራሱን ላጠፋ ሰው ደግሞ ፍትሐት የለም።

እናቴ ካህኑ እግር ላይ ወድቃ ለመነች። «የኔ ልጅ እንዲህ አያደርግም አባ...» አለች። አልሆነም። ወንድሜ ያለ ጸሎት አፈር ለበሰ። ከዚያ ወዲህ እናቴ ለቅሶ ቤት አትሄድም፤ ጎረቤት ስታይ ነጠላዋን ዓይኗ ድረስ ትስባለች።

የምፈልገው አንድ ነገር ነበር። ወንድሜ ራሱን እንዳልገደለ ማሳየት። ከዚያ በኋላ ደግሞ... ፀሐዩን። ምን ልዋሻችሁ፣ ፀሐዩን እፈልገው ነበር።

አንድ ቀን፣ እዚያው መጋዘን ግቢ ውስጥ ከጥገና ክፍሌ ጎን ያለው የመሳሪያ ግምጃ ቤት ኃላፊ ጋሽ ሀይረዲን በጆንያ የተጠቀለለ ነገር ይዘው መጡ። የስልጤ ሰው ናቸው፤ ቀልድ ከአፋቸው አይጠፋም። ያን ቀን ግን ሰላምታ እንኳን አልሰጡኝም።

«ፖሊስ መለሰው» አሉ ቀስ ብለው።

«ምኑን?»

«ያንን... የቢራን።»

ጆንያውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ሲሞኖቭ ነው። ቃታ በሳባችሁ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሶ ቀጣዩን ራሱ የሚያጎርስ፣ ብዙ ጥበቃ የሚይዘው መሳሪያ።

«ፀሐዩ ነው የላከው። ቃታው አልሳብ ብሏል፣ ሠርታ ለሥራ ታድርሰው አለ።»

ደሜ ፈላ። ወንድሜ የሞተበትን መሳሪያ፣ አጽጂ ብሎ ለእህቱ! ምን ዓይነት ፍጥረት ነው?

ጋሽ ሀይረዲን አልሄዱም። በሩን ዞር ብለው አዩና ጠጋ አሉኝ።

«ልጄ... ባትነኪው ይሻላል።»

«ለምን?»

«መደርደሪያው ላይ ብቻውን ተቀምጦ... ቀጭ... ቀጭ ይላል። ወላሂ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን።»

ዘጠኝ ሰዓት የርክክብ ሰዓት ነው። ወጪው ጥበቃ ጠመንጃውን ከፍቶ ባዶ መሆኑን ለገቢው ያሳያል። አፈሙዙን በሩ አጠገብ ወደሚቆመው የአሸዋ በርሜል አዙሮ ቃታ ይስባል። ቀጭ። «ተረከብ» ይላል። ያኛው «ተረክቤያለሁ» ይላል። ይሄን ሳያደርግ ወደ ቤቱ የሚሄድ ጥበቃ የለም።

ወንድሜ የሞተው በዚያ ሰዓት ነው። «ተረከብ» ሳይል።

ጋሽ ሀይረዲን ሲወጡ ፈታሁት።

የጥበቃ መሳሪያ ብዙም አይተኮስም። ውጪው በእጅ ብዛት ይፋቃል እንጂ ውስጡ አዲስ ነው። ቃታም የሚያልቀው ከፊቱ ነው፤ ጣት የሚያርፈው እዚያ ነዋ። ቀለሙ ለቆ ብረቱ ነጭ ይሆናል። ይሄን ዓይኔን ጨፍኜ አውቀዋለሁ።

የዚህኛው ቃታ ፊቱ ጥቁር ነው። ቀለሙ አልተነካም።

ገለበጥኩት...

ጀርባው ተበልቷል። ጣት በማይደርስበት፣ በውስጥ በኩል፣ ብረቱ ተፈትጎ ነጭ ሆኗል። ወደ ውስጥ ገባ ያለ ጉድጓድ አለው።

የስልኬን መብራት አበራሁበት። ጉድጓዱ የጣት ቅርጽ ነው። አጭር ጣት። ጫፉ ወደ ግራ የዞረ።

ቢራ ልጅ ሆኖ ቆርቆሮ የቀኝ ሌባ ጣቱን ጫፍ ቆርጦታል። ሲድን ወደ ግራ ዞሮ ነው የዳነው። እኔ ነኝ በጨርቅ ያሰርኩለት፤ ያንን ጣት ከሺህ ጣት መሃል እለየዋለሁ።

«ፖሊስ ቤት የሆነ ሰው ነካክቶት ነው» አልኩ ለራሴ። ግን ብረት እኮ ነው። ጣት ብረት እስኪበላ ዕድሜ ይፈጃል። አጸዳሁት፣ ዘይት ቀባሁት፣ ገጠምኩት። የብረት ሳጥን ውስጥ ቆልፌ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት።

በማግስቱ ስከፍተው ዘይቱ ጠቁሯል። በጣቴ አሸት አሸት አደረግኩት... የብረት ብናኝ ነው። ጉድጓዱም ጠልቋል።

ጋሽ ሀይረዲንን ጠርቼ አሳየኋቸው። አዩት። ከዚያ ወንበር ሳይፈልጉ ወለሉ ላይ ቁጭ አሉ።

«ያ አላህ...»

«ምን ያውቃሉ ጋሼ? ይንገሩኝ።»

«ቀስ በይ... ይሰማናል።»

«ማን?»

በአገጫቸው ወደ ጠመንጃው ጠቆሙኝ።

«ፀሐዩ» አሉ፣ «አሸዋ ላይ ቃታ አይስብም። ሰው ደረት ላይ ነው የሚስበው። ልጆቹ ሲደነግጡ ይስቃል። ያን ቀን ወንድምሽ ገና ጠመንጃውን አልከፈተውም ነበር። ፀሐዩ ከእጁ ነጠቀና... ደረቱ ላይ ደቀነበት።»

«አይተዋል?»

«በግምጃ ቤቱ መስኮት። ቢራ እጁን ዘርግቶ ጣቱን ከቃታው ኋላ ሰካ። እንዳይሳብ። "ኧረ ጋሼ ተው፣ ጎርሷል፣ ጥይት አለው" ይላል። ያ ደግሞ ውሸት መስሎት ይስቃል። ይስባል። ቢራ ይገፋል...»

«ከዚያስ?»

«ጣቱ ደከመ፣ ልጄ።»

እስከ ዛሬ ለምን ዝም እንዳሉ ጠየቅኳቸው። «ፈራሁ» አሉና ፊታቸውን በፎጣቸው ሸፈኑ። ልሰድባቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተውኩት።

ጠመንጃውን አየሁት። ወንድሜ እዚያ ውስጥ ነው። እየተኮሰ አይደለም። ይዞ ነው። እስካሁን ይዞ ነው።

በሩ ተበርግዶ ተከፈተ።

«ሠራሽው?»

ፀሐዩ ነው። ሰዓቴን አየሁ፤ ዘጠኝ ሰዓት።

በደንቡ መሠረት ከፈትኩት። ካዝናው ባዶ ነው። ጥይት የሚገባበትን በትንሿ ጣቴ ዳሰስኩት፤ ባዶ ነው። ይሄን አስምሩበት። ባዶ ነበር።

«ተረከብ» አልኩት።

ተቀበለኝ። ዘጋው። ከዚያ ፈገግ አለና አፈሙዙን ደረቴ ላይ አደረገ። ቀለበት ያጠለቀው ወፍራም ሌባ ጣቱ ቃታው ላይ አረፈ።

«ወንድምሽ ድንጉጥ ነበር» አለ። «አንቺስ?»

ሳበ።

ቃታው አልተነቃነቀም።

እንደገና ሳበ። ቀለበቱ ብረቱ ላይ ሲንጫረር ሰማሁ። ቃታው ይንቀጠቀጣል እንጂ አይመጣም። ከኋላው ምንም የለም፤ እያየሁት ነው፣ ምንም የለም። ጋሽ ሀይረዲን ከወለሉ ሳይነሱ በሹክሹክታ ቁርአን ይቀራሉ።

«ይሄ ነው ሥራሽ? ምን ሰክተሽበት ነው?»

ሰደፉን ወለሉ ላይ አቆመው። ጣቱን ሳያወጣ ጎንበስ ብሎ ቃታውን አየ። አፈሙዙ አገጩ ስር ገባ። እየተሳደበ፣ ባለ በሌለ ኃይሉ ይስባል...

ቀና በል ማለት እችል ነበር።

አላልኩም።

«ቢራ» አልኩ ቀስ ብዬ።

«ምን አልሽ?» አለ ፀሐዩ፣ ቀና ሳይል።

«ልቀቅለት። ደክሞሃል።»

የተኩሱ ድምፅ ጆሮዬን ደፈነው፤ ፀሐዩ ወለሉ ላይ ተዘረረ።

ፖሊስ መጣ። ወለሉ ተፈተሸ፣ ቀለሃ የለም። አፈሙዙ ተፈተሸ፣ የባሩድ ጥላሸት የለውም። ባዶ ጠመንጃ እንዴት ሰው እንደገደለ ያስረዳ የለም፤ ያየሁትን ተናገርኩ፣ ተያይተው ቃሌን መዘገቡ። ጋሽ ሀይረዲን ግን የወንድሜን ነገር መጀመሪያ ለፖሊስ፣ ቀጥሎ ራሳቸው ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ ሄደው ለካህኑ ተናገሩ።

ፍትሐቱ ተደረገለት። እናቴ ያን ቀን ነጠላዋን ከፊቷ አነሳች። ለቅሶዋን አልቅሳ ስታበቃ ምግብ በላች፤ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ አለቀስኩ።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ባለኝ።

ጠመንጃው እንደገና ተመለሰልኝ። ፈታሁት። የቃታውን ጀርባ አየሁ... የወንድሜ ጣት ምልክት የለም። ጉድጓዱ ሞልቶ፣ ብረቱ ከፋብሪካ እንደወጣ ልስልስ ብሏል። «ሂድ የኔ ወንድም፣ እረፍ» አልኩ።

ወደ ብርሃን ሳዞረው ከዚያው ከጀርባው፣ ከታች በኩል አዲስ ጭረት ታየኝ።

ጣት ነው። ወፍራም ጣት። መሃሉ ላይ ደግሞ ቀለበት የጫረው መስመር አለ።

በማግስቱ ጠልቆ አገኘሁት።

ድርጅቱ «ይወገድ ወይስ ይሠራል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ደህና ነው፣ ይሠራል» አልኩ። አሁን ቢራ ይቆምበት የነበረው በር ላይ ነው ያለው። በየቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ወጪው ጥበቃ ወደ አሸዋው ያዞረውና ቃታ ይስባል። እኔም ሥራዬን ትቼ ወጥቼ አያለሁ።

«ሌንሳ፣ ይሄ ቃታ ጠንክሯል፤ የሆነ ነገር ይገፋዋል» ይሉኛል ልጆቹ።

«ጠበቅ አድርጋችሁ ሳቡት» እላቸዋለሁ።

ትናንት ለጽዳት አመጡልኝ። ከመፍታቴ በፊት ጆሮዬን ብረቱ ላይ ለጠፍኩ። ከውስጥ፣ ከሩቅ፣ የደከመ ሰው ድምፅ...

«ተረከቡኝ... ተረከቡኝ...»

ዘይት ቀባሁትና መልሼ ገጠምኩት።