ከሸምበቆው የመጣ ምት

የሐዋሳ ሐይቅ በየማለዳው ያዜማል፤ ነዋሪው እንደ መኪና ጥሩንባ ስለለመደው ዞር ብሎ አያየውም። ውሃው ላይ የተበተኑት ተንሳፋፊ ኳሶች የሞገዱን ከፍታና ፍጥነት እየለኩ ወደ ዜማ ይቀይሩታል። ሰው ሐይቁ ዳር ከተሠሩት መቆሚያዎች በአንዱ ላይ ሆኖ ጎንበስ ብሎ ውሃውን በእጁ ቢመታ ደግሞ፣ መሣሪያው ምቱን ተቀብሎ ውሃ ውስጥ ባሉት ድምፅ ማጉያዎች ይመልስለታል። ሕዝቡ «ሞገደ ዜማ» ይለዋል።

ትርንጎ የመሣሪያው ቴክኒሻን ናት። አንድ ማክሰኞ ማለዳ ነፋስ አልነበረም፤ መቆሚያዎቹም ባዶ ነበሩ። ዜማው ግን አልቆመም። ሦስት ምት፣ ዝምታ፣ ሁለት ምት። ኳሶቹን አንድ በአንድ ፈተሸች፤ ሁሉም ደህና ናቸው። ግራ ቢገባት ለኃላፊዋ ለአቶ መርዕድ ደወለች።

«ማጣሪያው ትናንት ተቃጥሏል እኮ» አሏት። ማጣሪያው ከመቆሚያዎቹ ርቆ የሚመጣውን የዓሣና የወፍ እንቅስቃሴ ከዜማው የሚያስቀር ክፍል ነው። «አዲሱን ቶሎ ግጠሚው። ከሰዓት በዓል አለብን።»

«ዓሣ እንዲህ ቆጥሮ ይመታል እንዴ፣ ጋሽ መርዕድ?»

«እኔ ምን አውቄ! ብቻ ግጠሚው።»

አልገጠመችውም። ጀልባዋን አስነስታ ምቱ ወደሚመጣበት ሸምበቆ ሄደች። አንድ ሽማግሌ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ዘርግተው ሐይቁን በመዳፋቸው ይመታሉ። ሰላም ብትላቸው ዞር አላሉም። ትከሻቸውን ስትነካቸው ደንግጠው ጆሯቸውን ጠቆሙና ራሳቸውን ነቀነቁ። አይሰሙም።

ታብሌቷን ሰጠቻቸው። ስማቸው ቡሹራ እንደሆነ ጻፉ። ከሥሩም፦ «ባለቤቴ ከሞተች ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት እዚህ መጥቼ እመታለሁ። ለሌላው ይመልሳል ይሉኛል፤ ለእኔ ግን መልሶልኝ አያውቅም። ዛሬ መልሱ እግሬን ነካኝ። ማነው እዚያ ያለው?»

ትርንጎ ክው አለች። ማጣሪያው ይህን ሁሉ ዓመት ሰውየውን ከዓሣ ቆጥሯቸው ኖሯል። እዚያ ደግሞ ማንም የለም። «ማሽን ነው» ብላ ጻፈች። አጠፋችው። ፊታቸውን አየችና «እኔ ነኝ» ብላ ጻፈች።

ሽማግሌው ዕንባ ባቀረሩ ዓይኖች ሳቁ። እስቲ ምቺ ብለው በእጃቸው አሳዩዋት። መታች፤ ተሳሳተች። እጇን ይዘው አስተካከሉላት። አቶ መርዕድ ሦስት ጊዜ ደወሉ፤ አላነሳችም።

አዲሱ ማጣሪያ እስከ ዛሬ ከካርቶኑ አልወጣም። አቶ ቡሹራ ውሸቷን ይወቁባት አይወቁባት ትርንጎ እርግጠኛ አይደለችም። አሁንማ ውሸት መሆኑም ያጠራጥራታል፤ በየማለዳው እሳቸው ሲመጡ መሣሪያውን ለጥቂት ደቂቃ አጥፍታ፣ ውሃው ዳር ቁጭ ብላ የምትመልስላቸው ራሷ ናትና።