ቀያሹ ያመነው መንገድ

በሩ ተቀርቅሯል? እስቲ አንዳችሁ እንደገና እዩልኝ። ፈርቼ አይደለም፤ ለእናንተ ብዬ ነው።

ድሮ ነው። ሰዓቱ እንዲህ እንደ አሁኑ፣ ጅብ መጮህ ሲጀምር። እንዳላማው የሚባል ሰው ከገበያ ሲመለስ መሸበት። ብቻውን መንታው መንገድ ላይ ደረሰ። ቀኙ ወደ መንደር ይወስዳል። ግራውስ? ግራው ወደ ገደል።

ይህን መንታ መንገድ ያዙልኝ። ከዓመታት በፊት አንድ ቀያሽ ከከተማ መጥቶ የተራራውን ካርታ ሲያነሳ፣ መሪው ይኸው እንዳላማው ነበር። መንደርተኛው ምን ብሎ መከረ? "መሬታችንን ለክቶ ግብር ሊያስጥልብን ነው፤ መንደሩን እንዳታሳየው።" እንዳላማውም ግራውን አሳየ። "የመንደሩ መንገድ ይኼ ነው" አለ። ቀያሹ ካርታው ላይ አሰመረ። በኋላ በዚያው መንገድ ብቻውን በጉም ሄደ። በቅሎው ተመለሰች። እሱስ? እሱ አልተመለሰም።

እንግዲህ በዚያ ምሽት እንዳላማው ከኋላው ወረቀት ሲንኮሻኮሽ ሰማ። ዞረ፤ ማንም የለም። ሄደ። አሁንም ወረቀት። ዞረ፤ ባርኔጣ ብቻ። ለሦስተኛ ጊዜ ዞረ፤ ከባርኔጣው ሥር ቀያሹ ቆሟል። እግሩ ግን ሣሩን አይጫንም።

"እንደምን አመሹ፣ ጋሽ እንዳላማው?" አለ። ጨዋ ነው።

እንዳላማው ያላወቀው መስሎ፣ "እግዚአብሔር ይመስገን። መንገደኛ ነህ?" አለ።

"መንገድ ፈላጊ ነኝ።" በጨለማ ካርታውን ዘረጋ። "እነዚህ መስመሮች ሲጠጋጉ ገደል ማለት ነው። እዚህ ጋ ተጠጋግተዋል። እርስዎ ግን መንገድ ነው አሉኝ። መስመሩን ትቼ እርስዎን አመንኩ። አሁንም አምንዎታለሁ፤ ይምሩኝ።"

የእንዳላማው እግር ሳያዘው ወደ ግራ ሄደ። አንድ እርምጃ። ሁለት። ድንጋይ ከእግሩ ሥር ተንከባለለ፤ ሲያርፍ አልተሰማም።

"ዋሽቼሃለሁ፣ ልጄ" አለ። "መንገዱ በቀኝ ነው። በኮሶው ዛፍ ሥር አልፎ ምንጩን ይሻገራል።"

"የመጀመሪያው ቤት የማን ነው?"

"የኔ።"

ቀያሹ ከጆሮው ላይ እርሳስ አወረደ፣ አሰመረ፣ አመሰገነ፣ ጠፋ።

ተረፈ ትላላችሁ? ተረፈ። በሳምንቱ ግን ግብር ሰብሳቢዎች የመንደሩን ሰው ሁሉ ትተው በቀጥታ እሱ ደጃፍ ላይ ቆሙ።

"ማን መራችሁ?" አለ።

"አንድ ባለ ባርኔጣ። ጨዋ ሰው ነው። ብንሮጥም አልደረስንበትም።"

በሉ፣ ቤታችሁ ከመንታው ወዲያ የሆነ፣ ብቻችሁን አትሂዱ። መንገድ የሚጠይቃችሁ ካለም እውነቱን ንገሩት። እኔማ እዚሁ አድራለሁ።

ቆይ። ይኼን ወረቀት የሚያንኮሻኩሸው ማን ነው?