በር ላይ የተለጠፈ ፍቅር

ጁሳራ ሕፃን ሳለች፣ ስትተኛ እናቷ አፍንጫዋን በልብስ መቆንጠጫ ትይዘው ነበር። እንዲሾል ነው። ልጅቷ በአፏ መተንፈስ ሲሰለቻት ነቅላ ትወረውረዋለች፣ እናት አንስታ ትመልሰዋለች። ይህ ጭካኔ የሚመስለው ሰው ካለ ፖርቶ ዳ ፔድራ በምትባለው ከተማ ኖሮ አያውቅም ማለት ነው። እዚያ ስንቷ እናት አድርጋዋለች መሰላችሁ፤ አፍንጫ ግን እንኳን በመቆንጠጫ በጉጠትም አይሾልም።

እናትየዋ ዶና ኢራሲ፣ ወይዘሮ ኢራሲ እንደማለት ነው፣ ልጇን ያሳደገችው የሰው ልብስ እያጠበችና እየተኮሰች ነው። እሷ ጥቁር ናት። በወጣትነቷ ጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ሻጭ ለመሆን ብትሄድ «የምንፈልገው ቁመናዋ ያማረ ሴት ነው» ብለው ፊቷን አይተው ከበር መልሰዋታል። ያንን በር አልረሳችውም። ጁሳራን የወለደችው ከአንድ ቀላ ካለ የጭነት መኪና ሾፌር ሲሆን፣ ሰውየው የመልኩን ግማሽ ለልጁ ትቶላት ጠፋ። ዶና ኢራሲ ታዲያ «ልጄ ጥቁር ናት» ብላ አታውቅም። «ጠይም ናት» ትላለች። ክረምት ሆኖ ፀሐይ ካላገኛት ደግሞ «ቀይ ዳማ» ትላታለች።

ጁሳራ በአባቷ ዘመዶች ቤት ለአያቷ ልደት ስትጠራ፣ ፎቶ ሲነሳ ካሜራው የሚሰጠው ለእሷ ነው። «አንቺ ጎበዝ ነሽ፣ አንቺ አንሺን» ይሏታል። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላት ከእነሱ ጋር የተነሳችው አንድም ፎቶ አልነበራትም። ትምህርት ቤት ደግሞ ጥቋቁሮቹ ልጆች «ያልበሰለችው» የሚል ስም አወጡላት። የከበሮ ቡድናቸው ውስጥ ልግባ ብትል «አንቺ ምን ቸገረሽ፣ ቀይዋ» ብለው አባረሯት። እዚያ ጥቁር፣ እዚህ ቀይ። ሰው መሃል ሆኖ ብቻ መሆንን ገና በልጅነቷ ለመደችው።

አንድ ቅዳሜ ገበያ መሃል ዝናብ መጣባት። ፀጉሯን እናቷ ጠዋት ሁለት ሰዓት ሙሉ ስትተኩሰው ነበር። ፀጉሯን የተተኮሰች ሴት በዚያ አገር ዝናብ ሲመጣባት ቤቷ የተቃጠለባት ነው የምትመስለው። እጆቿን ራሷ ላይ አድርጋ ስትሮጥ ከሸርጣን መደብ ጀርባ አንድ ረጅም ጥቁር ልጅ ጠራት።

«የኔ እመቤት፣ ግቢና ተጠለዪ እንጂ።»

«ፀጉሬ ሊበላሽብኝ ነው።»

«አየሁት። ቆይ ፌስታል ልስጥሽ።»

የካሳቫ ዱቄት የነበረበትን ፌስታል ገልብጦ ሰጣት፣ እሷም አጥልቃው ሮጠች። ቤት ስትደርስ ራሷ በሙሉ ነጭ ሆኗል። እናቷ አይታ «ምነው፣ በአንድ ቀን ገበያ አረጀሽሳ» አለቻት። ጁሳራ ነገሩ ትዝ ባላት ቁጥር ሦስት ቀን ሙሉ ብቻዋን ስትስቅ ሰነበተች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ተመለሰች።

«አንተ ሰውዬ፣ ዱቄት እኮ ነው ያለበስከኝ።»

«ፀጉርሽ ረጠበ?»

«አልረጠበም።»

«ታዲያ ምን ያነጫንጭሻል?»

ሳቀች። ልጁ አልሳቀም፣ ዝም ብሎ አያት። ሰው ሁሉ ሲያያት ፀጉሯን ያያል፣ አፍንጫዋን ያያል፣ ከዚያ የት እንደሚያስቀምጣት ይወስናል። ይሄኛው ምንም አልወሰነም። ጁሳራ በዚያ አስተያየት ውስጥ ረጅም ጊዜ ብትቆይ ደስ ባላት ነበር።

ጁቬናል ይባላል። የሸርጣን ነጋዴዋ የዶና ናይር ልጅ ነው፤ በከተማው ዩኒቨርሲቲ ሕግ ሦስተኛ ዓመት ሲሆን ቅዳሜ ቅዳሜ እናቱን ያግዛል። ወንዙ ዳር ከአሮጌው የትምባሆ መጋዘን ጀርባ እየተቀጣጠሩ አሥራ አንድ ወር ተዋደዱ። ዶና ናይር ሰምተዋል። ዶና ኢራሲ ግን አልሰማችም።

«መቼ ነው እናትሽ ጋ የምትወስጂኝ?» ይላታል።

«ከፋሲካ በኋላ።»

ፋሲካ ሲያልፍ «የሰኔው የእሳት በዓል ይለፍና» ሆነ። የሰኔውም እሳት ነደደ፣ ጠፋ።

«ምኔን ነው የምትፈሪው? ድህነቴን ነው?»

«እኛስ ምን አለን ብለህ ነው።»

«እንግዲያው ይሄንን ነው» ብሎ የክንዱን ቆዳ ቆነጠጠ።

እጁን ይዛ ክንዱን አስለቀቀችው። እናቷ ከሕፃንነቷ ጀምሮ የምትላት አንድ ነገር አለ፤ «እኔ አንድ ደረጃ አውጥቼሻለሁ። ዘርሽን ወደፊት አሻሽዪ እንጂ ወደኋላ እንዳትመልሺው።» ይህን ለሚወዱት ሰው እንዴት ብለው ይነግሩታል?

አንድ እሑድ እናትና ልጅ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ጁቬናል ከፊታቸው ገጠማቸው። ባርኔጣውን አውልቆ በአክብሮት ሰላም አላቸው። ዶና ኢራሲ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«ይሄ ደግሞ ማነው?»

«አላውቀውም» አለች ጁሳራ። «ገበያ ሸርጣን የሚሸጥ ነው መሰለኝ።»

«ልክ ነው፣ ሸርጣን ነው የምሸጠው» አለ ጁቬናል እናትየዋን እያየ። «ቅዳሜ ብቅ ይበሉ፣ ደህና ደህናውን አስቀምጥልዎታለሁ።»

ጁሳራ በማግስቱ መጋዘኑ ጀርባ ስታለቅስ እንባዋን በመዳፉ ጠረገላት። «ይቅር ብዬሻለሁ» አላት። «ሁለተኛ ግን አልችልም ጁ። ስቆጣ አይደለም፣ እውነቴን ነው።»

ከዚያ የምዝገባው ወቅት ደረሰ። ጁሳራ ነርስ መሆን ነው ምኞቷ። ዩኒቨርሲቲው ለጥቁሮችና ለክልሶች ለይቶ ያስቀመጠው ቦታ አለ፤ ነገር ግን ነጭ ሁሉ «ቅድመ አያቴ ጥቁር ነበረች» እያለ ቢሻማበት ጊዜ ኮሚቴ ተቋቋመ። አምስት ሰዎች ፊት ትቀርባላችሁ። ስለ አያታችሁ አይጠይቋችሁም። ፊታችሁን፣ ፀጉራችሁን፣ ቆዳችሁን አይተው እያንዳንዳቸው ወረቀት ላይ ይጽፋሉ፤ ሦስት «አዎ» ያገኘ ይገባል። ጁቬናል በተማሪዎች ስም ከተመዘገቡት የኮሚቴው ተመልካቾች አንዱ ነበር።

«አንተ ብትደርሰኝስ?»

«ማን ማንን እንደሚያይ የሚታወቀው በዚያው ጠዋት በዕጣ ነው። ከደረስኩሽ አውቃታለሁ ብዬ እወጣለሁ፣ ሌላ ሰው ይተካል። ደንቡ እሱ ነው። አንቺ ብቻ ፀጉርሽን ታጥበሽ እንዲሁ ሂጂ። ፓውደር እንዳትነኪ።»

በቀጠሮው ጠዋት ዶና ኢራሲ ማበጠሪያውን እሳት ላይ አግላ ጠበቀቻት።

«እማ፣ ዛሬ ይቅርብኝ። ታጥቤ እንዲሁ ልሂድ።»

«እንዲሁ? ያን የሚያህሉ የተማሩ ሰዎች ፊት?»

«እንደዚያ ይሻላል ብለውኛል።»

«ማነው ያለሽ?»

ጁሳራ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። እናቷ ፀጉሯን ጫፉ እስኪያበራ ተኮሰችው፣ ፊቷን በፓውደር አፈካችው፣ ከዚያ ራቅ ብላ አይታት «አሁን ማን በር ይዘጋብሻል» አለች። ከልቧ ነው። ያኔ እሷን የመለሳት በር ነበር የታያት።

ዩኒቨርሲቲው ውስጥ ኮሚቴው የተቀመጠበት ክፍል ስለሚሞቅ በሩ ክፍት ነው። ዶና ኢራሲ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ተቀመጠች። ጁሳራ ስትገባ አምስት ሰዎች በአንድ ጠረጴዛ ተደርድረዋል፤ በመጨረሻው ወንበር ላይ ጁቬናል አለ።

ሰብሳቢዋ እንደ ደንቡ ጠየቀች። «ከመካከላችን የምታውቂው ሰው አለ? ወይስ ከእኛ እሷን የሚያውቅ አለ?»

የጁቬናል እጅ ከጠረጴዛው ትንሽ ከፍ አለ። ጁሳራ ወደ በሩ ዞረች። የእናቷ ጫማ ይታያል፣ አንገቷም ወደ ውስጥ ሰገግ ብሏል።

«የለም» አለች ቶሎ ብላ። «ማንንም አላውቅም።»

እጁ ወደ ቦታው ተመለሰ።

አምስት ደቂቃ አዩዋት። እሷም ሁሉንም አየቻቸው፤ እሱን ብቻ ማየት አቃታት። አንዴ ቀና ስትል ግን ዓይኖቹ ፀጉሯ ላይ ነበሩ፣ ከዚያ አፍንጫዋ ላይ። እንደ ሌላው ሰው ነበር የሚያያት።

ውጤቱ ከሰዓት በኋላ በሩ ላይ ተለጠፈ። ሁለት «አዎ»፣ ሁለት «አይደለችም»፣ አንድ ባዶ። አልተቀበሏትም።

«ጥቁር አይደለችም ነው የሚሉት?» አለች ዶና ኢራሲ።

«አይደለችም ነው የሚሉት።»

ዕድሜ ልኳን የለፋችበት ነገር ተሳክቶላት ወረቀቱ ፊት ቆማለች። ደስ ሊላት አልቻለም።

በማግስቱ ከመጋዘኑ ጀርባ ተገናኙ።

«ባዶው ያንተ ነው» አለችው።

«የኔ ነው።»

«አንዲት አዎ ነበር የቀረችኝ፣ ጁቬናል።»

«የማላውቃት ልጅ ናት የመጣችብኝ። እንደማላውቃት ሆኜ ባያት፣ በዚያ ፀጉርና በዚያ ፓውደር አይደለችም እል ነበር። እንደማውቃት ከሆነ ደግሞ መውጣት ነበረብኝ። ምን ብዬ ልጻፍ?»

«እናቴ በሩ ላይ ነበረች።»

«እናትሽ መቼ ከበሩ ላይ ታጣለች?»

አልጮኸባትም፤ ቢጮህ በተሻላት ነበር። የተተኮሰ ፀጉሯን በጣቱ ነካ አድርጎ ወንዙን ይዞ ሄደ። ጁሳራ ተከትላ ልትጠራው አፏን ከፈተች። መንገዱ ላይ ሰው ስለነበረ አልጠራችውም።

ሐሙስ ዕለት ዶና ኢራሲ የተኮሰችውን ልብስ ለአንድ የዩኒቨርሲቲው መምህር አድርሳ ስትመለስ ውጤቱ በተለጠፈበት በር ላይ ሰው ተሰብስቦ አየች። ፊደል የምትለየው በግድ ቢሆንም የልጇን ስም አላጣችውም። ቤት መጥታ ጁሳራን በእጇ ይዛ ወሰደቻት። በሩ ላይ በእጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል።

«እኔ ጁቬናል፣ የተመልካቾች ቡድን አባል፣ ጁሳራን አውቃታለሁ። አሥራ አንድ ወር ወድጃታለሁ፣ አሁንም እወዳታለሁ። ይህን በዕለቱ መናገር ሲገባኝ ዝም ብያለሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ የእሷ አይደለም። ስለዚህ ውሳኔው ተሰርዞ በሌሎች ሰዎች እንድትታይ እጠይቃለሁ።»

ከሥሩ ዩኒቨርሲቲው በማኅተም የሰጠው መልስ አለ። ውሳኔው ተሰርዟል፣ ሰኞ እንደገና ትታያለች፣ አባሉ ለአንድ ዓመት ከትምህርት ታግዷል። ከኋላቸው አንዲት ተማሪ «ወይ ጉድ፣ በዚህ በር ላይ እንዲህ ያለ ማመልከቻም ይለጠፋል?» ስትል ሰሙ።

ወደ ቤት አቀኑ። ግማሽ መንገድ ላይ ዶና ኢራሲ ቆመች።

«ያ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ያየነው ልጅ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ማነው ብዬ ጠይቄሽ ነበር እኮ።»

«ጠይቀሽኝ ነበር።»

«እኔ የፈራሁት እንዳይንቁሽ ነው፣ ልጄ። ሌላ ምን ፈራሁ?» አለች። ድምጿ የሌላ ሰው ድምፅ መሰለ። ጁሳራ እናቷን ልትቆጣት ፈልጋ ነበር፣ አንጀቷ አልችል አለ።

ቅዳሜ አብረው ገበያ ወረዱ። ጁሳራ የመጣችው በሙሉ ገበያ ፊት ልትናገር ነው። ዶና ናይር ሸርጣን በገመድ ያስራሉ፤ ከጎናቸው ማንም የለም።

«ዶና ናይር፣ ጁሳራ እባላለሁ» አለች፣ ጎረቤት መደብ ያሉት ሁሉ እንዲሰሙ አድርጋ። «ልጅዎን እወደዋለሁ። ይህች እናቴ ናት።»

ሴትየዋ ገመዱን ቋጥረው ጨረሱ።

«አውቅሻለሁ፣ ዱቄቴን የደፋሽብኝ ልጅ ነሽ። ትናንት ጠዋት ሄደ። ሳልቫዶር ከተማ፣ ወደቡ ላይ አጎቱ ጋ ሊሠራ።»

«ለኔ ያለው ነገር የለም?»

«ብትመጣ ምን ልበላት ብዬው ነበር።» ዶና ናይር ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብለው አዩዋት፣ ሳይከፋቸው። «አትመጣም አለኝ።»

እሑድ ከሰዓት ዶና ኢራሲ ራሷ ውኃ አሙቃ የልጇን ፀጉር አጠበች። ማበጠሪያው ከግድግዳው አልወረደም። ሲደርቅ እጇን ከተተችበትና «ይህን ያህል እንደሚበዛ እንኳ ረስቼዋለሁ» አለች።

ሰኞ አምስቱም «አዎ» ብለው ጽፈውላታል፤ እሱን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ጁሳራ ዛሬ ነርስ ናት። ያን ጠዋት ግን ስትገባ ሌሎች አምስት ሰዎች ተቀምጠዋል፣ በመጨረሻው ወንበር ላይ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ አሉ። በሩ እንደዚያን ዕለቱ ክፍት ነው፣ እናቷም አግዳሚው ላይ ናት።

«ከመካከላችን የምታውቂው ሰው አለ?» አሏት።

ሽማግሌው የተቀመጡበትን ወንበር አየችው። እንባዋ ሲመጣ ሰብሳቢዋ የፈራች መስሏት ውኃ ቀዳችላት። ጁሳራ ውኃውን አልነካችውም።

«የለም» አለች፣ ኮሪደሩ ድረስ በሚሰማ ድምፅ። «የማውቀው ሰው እዚህ የለም።»