ያደገደገው ሰው

«ስትስዪው ካባ ደርቢበት» አለች ዕድላዊት፣ የቅድመ አያቷን ፎቶ ላሊሴ ደብተር ላይ እያስቀመጠች። «ወርቀ ዘቦ ያለው። ለክፍሉ ልጆች ደጃዝማች ነበር ብያቸዋለሁ።»

ሰበታ ባለው ትምህርት ቤታቸው በሥዕል ላሊሴን የሚስተካከል የለም። ዓርብ ለሚከፈተው የጥንት አልባሳት ዐውደ ርእይም ሥዕሎቹን የምትሠራው እሷ ናት። ዕድላዊት ከአዲስ አበባ ከመጣች ገና ዓመት ያልሞላት የልብ ጓደኛዋ ናት፤ ያወራችው ሁሉ እውነት ይመስላል። በዚያ ላይ ላሊሴ ካባ መሳል ትወዳለች። እሺ አለቻት።

ነገር የመጣው ፎቶውን ይዛ ጎረቤታቸው ኦቦ ባጫ ዘንድ ስትሄድ ነው። ሽማግሌው ሃምሳ ዓመት ልብስ ሲሰፉ የኖሩ ናቸውና ስለ ካባ ጥልፍ ልትጠይቃቸው ነበር። እሳቸው ግን መነጽራቸውን አስተካክለው ፎቶውን ብዙ አዩት።

«ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄ ሰው ካባ ለብሶ አያውቅም» አሉ። «ጌታ ቢሆን ኩታውን እስከ አፍንጫው ይከናነብ ነበር። ይሄ ወገቡ ላይ አሥሮ አደግድጓል። ጌታ ፊት የሚቆም አሽከር ነው።»

ላሊሴ ክው አለች። ኦቦ ባጫ ግን አልጨረሱም። እጥፋቶቹ እንዴት እኩል እንደወረዱ፣ አንዱም እንዳልተጨማደደ በጣታቸው እያሳዩ ነገሯት። እንዲህ አሳምሮ የሚያደገድግ ሰው በዕድሜያቸው እንዳላዩም ጨመሩላት። ላሊሴ ሰውየውን በደንብ ያየችው ያኔ ነው። ያምር ነበር። ካባ ቢደረብበት ይሄ ሁሉ ሊሸፈን ነው።

በማግስቱ ዕድላዊት እነላሊሴ ቤት ስትመጣ ላሊሴ ሁሉንም ነገረቻት።

«ሙድ ይይዙብኛል እኮ ላሊ። አሽከር ነበር ልበላቸው?»

«የምትዪውን አንቺ ታውቂያለሽ። እኔ ግን ካባ አልስልበትም።» ያለ ዕድላዊት ትምህርት ቤቱ ጭር እንደሚልባት ላሊሴ ታውቃለች። «ከፈለግሽ ፎቶውን ውሰጂው።»

ዕድላዊት ፎቶውን አንሥታ እስከ በሩ ሄደች። እዚያ ቆማ ኦቦ ባጫ ያደነቋቸውን እጥፋቶች አየች። ከዚያ ተመልሳ፣ ወገቡ ላይ ያለው እስር ደብዝዞ እንደማይታይ ተናገረች። ላሊሴም እሱ እንዳስቸገራት አመነች።

ዕድላዊት ወንበሩ ላይ የነበረውን ነጠላ አንሥታ ወገቧ ላይ አሠረችው። ተጣመመባት። ፈትታ እንደገና አጠፈችው። በሦስተኛው ሙከራ እጥፋቱ እኩል ወረደ። ቀጥ ብላ ግድግዳው ጋ ቆመች።

«ሳዪው» አለች።