ዳማ የተከተለችው ዱካ

ይህን ማውራት ስጀምር ሚስቴ አሰለፈች ተነስታ ትወጣለች። ውሸት ነው ብላ አይደለም። እሷም ስላየችው ነው።

ኅዳር 1922 ዓ.ም. ነበር። ከቀኑ አስር ሰዓት ገደማ። ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። "ጨለማ አሳስቶህ ነው" የሚለኝ ሰው ስለማይጠፋ ነው ሰዓቱን አስቀድሜ የምናገረው።

ጨለማ አልነበረም...

ቤታችን ከአዳማ ወጣ ብሎ በሶደሬ በኩል ነበር። ደጃችን ላይ ሆነን አዋሽ ሲፈስ እንሰማለን። እኔ መርዳሳ እባላለሁ። ሥራዬ አደን ነው። ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ ሲቀናኝ ደግሞ አጋዘን።

ያን ዓመት ግን አልቀናኝም። ውጅግራ ጠመንጃዬ አርጅቶ ስለነበር የመታሁት አውሬ እዚያው አይወድቅም። ቆስሎ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል። ስፈልገው እውላለሁ። በማግስቱ አጥንቱን አገኘዋለሁ። ጅብ ጨርሶታል።

የደም ዱካ የሚከተል ውሻ ያስፈልገኝ ነበር።

አሰለፈች ደግሞ የራሷን ነገር አመጣች።

"ውሻ ካመጣህ ደራርቱን የሚያጫውት ይሁን። የሚያስፈራራት ውሻ ቤቴ አይገባም።"

ደራርቱ አንድ ልጃችን ናት። ያኔ የወተት ጥርሷን መንቀል ጀምራ ነበር። እህት ወንድም የላትም፣ ጎረቤቱም ሩቅ ነው።

ቀላል ነገር ይመስላል አይደል?

ከወለንጪቲ ያመጣሁት የመጀመሪያው ውሻ አፍንጫው ለጉድ ነበር። ግን ደራርቱ አጥንቱን ብትነካበት እጇን ሊቀጥፈው ምንም አልቀረውም። በዚያው ቀን መለስኩት።

ሁለተኛውን በግ ብንለው ይሻላል። ደራርቱ ጆሮውን ብትጎትተውም ብትጋልበውም ዝም ነው። ጠመንጃ ሲተኮስ ግን ከእኔ ቀድሞ እቤት ይገባል!

ሦስተኛው የሰው ዶሮ በልቶ አጣልቶን ሄደ።

እጅግ ተበሳጨሁ። አፍንጫ ያለው ጠባይ የለው፣ ጠባይ ያለው አፍንጫ የለው። አሰለፈች ደግሞ ትስቃለች። "ሚስት ስትፈልግ እንኳ እንዲህ አላማረጥክም" ትለኛለች።

በመጨረሻ ቦሰት ተራራ ግርጌ፣ ኦቦ ሆራ የሚባሉ ሽማግሌ ዘንድ ጥሩ ውሻ አለ ሲሉኝ ሄድኩ።

"አካም ጅርቱ ኦቦ ሆራ?" ብዬ ደህንነታቸውን ጠየቅኩ።

"ነጋ፣ ነጋ"፣ ደህና ነኝ አሉኝና ውሻዋን አሳዩኝ። ጠጉሯ ቀላ ያለ ዳማ፣ ስሟም ዳማ።

ፈተንኳት። የድኩላ ቆዳ ደም ውስጥ ነክሬ በእሾህ መሀል ጎተትኩ። ከአንድ ግራር ሥር ደበቅኩትና ዞሬ መጣሁ። ረጅም ጠፍር አንገቷ ላይ አስሬ ለቀቅኳት። አፍንጫዋን መሬት ላይ ጥላ፣ ሳትቸኩል፣ ሳትጮህ ግራሩ ድረስ ወሰደችኝ።

እዚያ ስትደርስ ቁጭ አለች።

"ስታገኝ አትጮህም። ትቀመጣለች" አሉኝ ሽማግሌው።

አጥንት ሰጥቼ ከአፏ ላይ ነጠቅኳት። ዝም ብላ አየችኝ። ጆሮዋን ቆነጠጥኩ። እጄን ላሰችኝ።

"እንዲህ ያለች ውሻ እንዴት ይሰጡኛል?" አልኳቸው።

"እኔ አርጅቻለሁ፣ ልጄ። እሷ ደግሞ የቆሰለ ነገር ካሸተተች አትተወውም። ምንም ይሁን ምን።"

"ምንም ይሁን ማለት?"

ጠፍሩን እጄ ላይ አስጨበጡኝ። እኔም ደስ ስላለኝ ጥያቄውን አልደገምኩም።

ዳማ እቤታችን በገባች በማግስቱ ከደራርቱ ጋር አንድ ቁርበት ላይ ተኝታ አገኘናት። አሰለፈች ራሷ ውሃ አቀረበችላት።

እሰይ፣ ተገላገልኩ አልኩ።

ያን የኅዳር ቀን ለአደን ይዣት ወጣሁ። ወንዙ ዳር አንድ ትልቅ ወንድ ድኩላ ብቻውን ቆሞ አገኘሁ። ተኮስኩ። በጉልበቱ ወደቀ። ተነሳ። የፊት እግሩ ተሰብሮ እየተንጠለጠለ ጥሻው ውስጥ ገባ።

ትንሽ ጠበቅኩና ዳማን ደሙ ላይ አደረስኳት።

አሸተተች። ጥቂት ወደፊት ሄደች።

ከዚያ ዞረች። ወደ መጣንበት!

"በዚህ ነው!" ብዬ ጠፍሩን ጎተትኩ። እምቢ አለች። ደሙ ወዳለበት መለስኳት። እንደገና ዞረች። ሰደብኳት። አራተኛዋ ከንቱ ብዬ ጠፍሩን መሬት ላይ ልወረውረው ነበር። ያን ሁሉ ለፍቼ፣ ያን ሁሉ መንገድ ሄጄ!

እሷ ግን መሬቱን እያሸተተች ትጎትተኛለች። ወደ ቤት።

በንዴት ወደ መሬት አየሁ...

አቧራው ላይ ስመጣ የረገጥኩት የራሴ ዱካ ነበር። በላዩ ላይ ደግሞ ሰኮና።

የድኩላ ሰኮና። ሦስቱ ጥርት ብለው የታተሙ። በአራተኛው ቦታ ተጎትቶ ያለፈ መስመር። በጎኑ ደም ጠብ ጠብ ብሏል።

ድኩላው ጥሻውን ዞሮ ከኋላዬ ወጥቷል። የእኔን ዱካ እየረገጠ ሄዷል።

ዳማ አልተሳሳተችም።

ቀና ብዬ አየሁ። ሜዳው ባዶ ነው። የሚታይ አውሬ የለም።

ተከተልኳት። ትንሽ እንደሄድን የተጎተተው መስመር ጠፋ። ቁስሉ ዳነ እንዴ? ብዬ ጎንበስ አልኩ።

የፊት እግሮቹ ዱካ ጭራሽ የለም። የቀሩት የኋላዎቹ ሁለት ብቻ ናቸው።

ግራ... ቀኝ... ግራ... ቀኝ...

እርምጃው ከእርምጃዬ እኩል ነው። አንዱንም ሳይስት በጫማዬ ዱካ ላይ፣ በጫማዬ ዱካ ላይ...

ሮጥኩ።

አሰለፈች አጥሩ አጠገብ እንጨት ትፈልጥ ነበር። ስታየኝ መጥረቢያው ከእጇ ወደቀ።

"አንተ... አሁን ገብተህ አልነበር?"

"ማ? እኔ?"

"አሁን ነው የገባኸው! ጀርባህን አይቻለሁ። እያነከስክ ነበር።" ድምፅዋ ወረደ። "ምን ሆንክ ብልህ ዝም አልከኝ።"

"ደራርቱስ?"

"ውስጥ ናት..."

"አሰለፈች፣ ውስጥ ምን ትሠራለች?"

"አንተ ጠራሃት እኮ" አለች በሹክሹክታ።

በሩ ገርበብ ብሏል። ጠመንጃዬን ደቀንኩ። ግን ልጄ ያለችበት ቤት ውስጥ ወዴት ልተኩስ?

ገባሁ።

ደራርቱ ምሰሶውን ተደግፋ ቆማለች። አታለቅስም። የምታየው ጓዳውን ነው። እዚያ ያደንኳቸው አውሬዎች ቆዳ ተሰቅሏል። ከቆዳዎቹ ጀርባ አንድ ነገር ይተነፍሳል። እንደደከመው ሰው፣ ቀስ እያለ...

"አባዬ" አለችኝ ዞር ሳትል። "እሱ እግሩን አሞታል።"

"ነይ ወደኔ። ቀስ ብለሽ።"

"አትሂጂ አለኝ።"

ያኔ ዳማ አለፈችኝ። አላጉረመረመችም። ጅራቷንም በእግሮቿ መሀል አልወሸቀችም። የደራርቱን ጉንጭ አንዴ ላሰች። ከዚያ ወደ ጓዳው ሄዳ ከቆዳዎቹ ፊት ቁጭ አለች።

አገኘሁት ማለቷ ነው።

ትንፋሹ ቆመ።

ጠፍሩ አሁንም በግራ እጄ ላይ ተጠምጥሞ ነበር። እምላለሁ፣ አልለቀቅኩትም። አንድ ነገር ጣቶቼን አንድ በአንድ ፈታቸው። ሳይቸኩል፣ ሳያሳምመኝ። ጠፍሩን ከእጄ ወሰደው።

ዳማ ተነሳች። በአጠገቤ አልፋ ወጣች። ጠፍሩ ከኋላዋ በአየር ላይ ተወጥሯል፣ ልክ ሰው እንደያዘው።

የያዘው ሰው የለም።

ተከትዬ ስወጣ አሰለፈችን አጥሩ ጋ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፍና አገኘኋት። ዳማ ወደ ወንዙ ወርዳ ጥሻው ውስጥ ጠፋች። ደራርቱ ብቻ "ዳማ! ዳማ!" እያለች ትጣራለች።

በማግስቱ ወንዙን አሰስኩ። ምንም የለም። ቦሰት ድረስ ተመልሼ በኦቦ ሆራ ደጅ ላይ ጮህኩ። "ምን ነበር የሰጡኝ? ምንድን ነው እቤቴ የገባው?"

ሽማግሌው በትዕግሥት ሰሙኝ።

"ልጅህ ደህና ናት?"

"ደህና ናት።"

"እንግዲያ ምን ቀረህ?" አሉና ገቡ።

ይኸው ነው! ከዚህ ሌላ አንድ ቃል አላገኘሁም። ቄሱ ጠበል ተጠመቁ አሉ። ሼኹ ቤቱን ልቀቁ አሉ። የአደን ጓደኞቼ ደግሞ ሳቁብኝ። ያ ድኩላ ምን እንደነበር፣ ልጄን ለምን እንደጠራ የሚነግረኝ ጠፋ። አሁን ድረስ ያንገበግበኛል።

ቤቱን ጥለን ሁሩታ፣ የአሰለፈች ዘመዶች ዘንድ ገባን። ጠመንጃውን ተውኩ። ገብስ መዝራት ያዝኩ። ደራርቱ ሌላ ውሻ አልፈልግም አለች። እኛም አላስገደድናትም።

በሚቀጥለው ዓመት አጨዳ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ሦስታችንም ማሳው ዳር ተቀምጠን እህል እየቀመስን ነበር።

"ዳማ!" አለች ደራርቱ።

ከማሳው ማዶ ነበረች። አልከሳችም፣ አልቆሰለችም። አፍንጫዋን መሬት ላይ ጥላ በዝግታ ትሄዳለች። ጠፍሩ ከኋላዋ በአየር ላይ ተወጥሯል።

የልጄን ድምፅ ስትሰማ ቆመች። ጅራቷን ወዘወዘች።

ጠፍሩ ረገበ። ከኋላዋ ያለውም ቆሟል ማለት ነው።

አሰለፈች ክንዴን ጨመደደችኝ።

የጠፍሩ ጫፍ በቀስታ ከፍ አለ... ከፍ አለ... ሰው ከሩቅ ሰላም ሲል እጁን እንደሚያነሳው።

ደራርቱም ፈገግ ብላ እጇን አነሳች።