ስም ሳይጠራ የወረደው ባንዲራ

ይህን ታሪክ ልትጠራጠሩት ትችላላችሁ። ፖሊሶቹም ተጠራጥረውኛል። የገዛ ልጄም ተጠራጥራኛለች።

እኔ ግን እዚያው ነበርኩ...

ጊዜው ኅዳር ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል አካባቢ። ጨለማ አልነበረም። አልጠጣሁም፣ እንቅልፍም አልነበረብኝም። ኩሽናዬ ውስጥ ቆሜ ዕቃ እያጠብኩ ነበር።

ቢርተ እባላለሁ። ጡረታ ስንወጣ ከባሌ ከፕሬበን ጋር በኦርሁስ ከተማ የነበረንን ቤት ሸጠን ክሊትቢ የምትባል የምዕራብ ዳርቻ መንደር ገባን። ሐሳቡ የእሱ ነበር። "ባሕር እያየሁ ልርጅ" ይል ነበር።

እኔን በመጀመሪያው ሳምንት ነው የመረረኝ።

አሸዋው አልጋ ውስጥ ይገባል። ነፋሱ በሩን ከእጅ ይቀማል። ከነፋሱ የባሰው ግን ሰው ነው።

ክፉዎች ሆነው አይደለም። ክፉ ቢሆኑ ይሻል ነበር፤ ተጣልቶ መገላገል ነው። እነሱ ግን አይናገሩም። ቆሻሻ የሚነሳው መቼ ነው ስላቸው "ይታወቃል" ይሉኛል። ለማን ነው የሚታወቀው? ወደ ዳርቻው በየት በኩል ነው የሚወረደው ስላቸው ደግሞ "ሰው በሚሄድበት" ይላሉ።

በር ዘግቼ እጮሃለሁ። ምን ላድርግ?

ስማችንን እንኳን አይጠሩም። "ኦርሁሶቹ" ነን። የኦርሁስ ሰው ደግሞ በአገራችን መቼም የቀልድ ሁሉ ማረፊያ ነው። ከአጥራችን ማዶ ያለው ቫግን፣ ዕድሜውን በዓሣ ማጥመድ የጨረሰ ሽማግሌ፣ ባየን ቁጥር አንድ ይወረውራል።

"እናንተ ኦርሁሶች፣ ባሕር ስትገቡ ለምንድነው ጃንጥላ የምትይዙት?"

"ለምንድነው?" ይላል ፕሬበን፣ መልሱን እያወቀ።

"እንዳትረጥቡ ነዋ!"

ፕሬበን ከት ብሎ ይስቃል። እኔ ጥርሴን እነክሳለሁ።

"እየቀለዱብህ እኮ ነው" እለዋለሁ ቤት ስንገባ።

"ይቀልዱ። ዛሬ የቀለደ ነገ ቤቱ ይጠራሃል።"

ማንም አልጠራንም።

ባሌ እንዲህ ዓይነት ሰው ነበር። የተገተረ መኪና ካየ ይገፋል። የሰው በር አሸዋ ከሞላው አካፋ ይዞ ይወጣል። ከመንገዱ ማዶ የምትኖረውን አሮጊት፣ አስላውግን፣ ክረምት መጣ ብሎ ማገዶዋን ፈልጦ ደርድሮላታል። "አመሰግናለሁ" አላለችውም። ማገዶውን አየችና "ረዘም ይላል" አለች።

እሱ የፈለገው ትንሽ ነገር ነበር። አንድ ቀን እርዳታ ፈልገው "ፕሬበን፣ ና እስቲ እጅ ስጠን" እንዲሉት። ይኸው ነው።

ያን ቀን ጠዋት ዳቦ ሊገዛ ወጥቶ ነበር። የዳቦውን ከረጢት ብብቱ ስር ሸጉጦ፣ እያለከለከ ገባ።

"ቢርተ... ባንዲራዎቹን አየሻቸው?"

በመስኮት አየሁ። ጭጋግ ወርዷል። በየግቢው የቆሙት የባንዲራ ምሰሶዎች ጫፋቸው አይታይም። ባንዲራዎቹ ግን ይታያሉ... ሁሉም እስከ ምሰሶው ወገብ ዝቅ ብለዋል።

እዚህ አገር ሰው ሲሞት እንደዚያ ነው። ሟቹ እስኪቀበር ባንዲራው ዝቅ ይላል። ከቀብር በኋላ ወደ ጫፍ ይወጣል፣ ሐዘኑም ያበቃል። ጎረቤት ሁሉ ያደርገዋል።

"ማን ሞተ?" አልኩት።

"አላውቅም።"

"አልጠየቅክም?"

"ዳቦ ቤት ጠየቅኩ። ዝም አሉኝ።"

"እንግዲያው አንተም ተዋቸው!"

"እንዴት እተዋለሁ? መንደሩ ሁሉ ሲያዝን የእኛ ምሰሶ ብቻውን ባዶ ይቁም? ከዚያ 'ኦርሁሶቹ ሐዘን አያውቁም' ይባልብን?"

"ለማን እንደሆነ ሳታውቅ?"

"ለሞተው ሰው ነዋ!"

ከረጢቱን እንደሸጎጠ ወጣ።

በመስኮት እያየሁት ነበር። እንደ ደንቡ መጀመሪያ እስከ ጫፍ አወጣው። ከዚያ ቀስ አድርጎ አወረደው። ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ። መላጣው በጭጋጉ ውስጥ ያብለጨልጭ ነበር።

ያኔ ነው ያስተዋልኩት...

ነፋሱ ከባሕር ነበር የሚመጣው። የቫግን የጭስ ማውጫ ጭሱን ወደ የብስ ይልካል። የአጥሩ ሣር ወደ የብስ ተኝቷል።

ባንዲራዎቹ ግን ወደ ባሕሩ ተወጥረዋል።

ሁሉም።

የእኛ ትንሽ አመነታ። ወዲህ አለ፣ ወዲያ አለ... ከዚያ እሱም ወደ ባሕሩ ዞረ።

እጄን በፎጣ ጠርጌ ወጣሁ። መፍራቱን ገና አልፈራሁም፤ የያዘኝ ንዴት ነበር። ዛሬ አንድ ሰው ይነግረኛል አልኩ። መንገዱን ተሻግሬ የአስላውግን በር ደበደብኩ።

ከፈተች። ጥቁር ለብሳለች።

"ማን ነው የሞተው?" አልኳት፣ ደህና አደርሽም ሳልል።

"ዛሬ የሞተ የለም።"

"ታዲያ ባንዲራው?"

"ባሕሩ ላልመለሳቸው ነው።" ይህንም እንደ ግዴታ ነው የተናገረችው። "የመንደሩ ጀልባዎች ከባሕር ሳይመለሱ የቀሩበት ቀን ነው። ያልተቀበረ ሰው ባንዲራው ወደ ጫፍ አይወጣም። በየዓመቱ ሁሉም የራሱን ሰው ስም ጠርቶ ያወርዳል።"

"ይህን ቀድሞ መናገር ምን ይገድላል?"

"ይታወቃል።"

"አይታወቅም! እኛ በምን እናውቃለን?"

አስላውግ በትከሻዬ አሻግራ ወደ ግቢያችን አየች። ፊቷ ቀጥ አለ።

"የእናንተም ወርዷል..."

"አዎ ወርዷል።"

"ማንን ጠራ ባልሽ?"

"ማንንም።"

"እኔ አባቴን ጠርቼ ነው" አለች በሹክሹክታ። "ላውሪትስ ብዬ። ሠላሳ ዓመት እንኳን አልሞላውም ነበር። ሁላችንም የራሳችንን ጠርተን ነው... ስም ሳይጠራ?"

"ስም ሳይጠራ ቢወርድስ?"

ዓይኗን ከምሰሷችን ላይ አልነቀለችም።

"አስላውግ! ቢወርድስ?"

"ባሕሩ ያልተጠራው ሁሉ ለእኔ ነው ይላል።"

"ምን ማለት ነው እሱ?"

"ሂጂና ባንዲራውን ወደ ጫፍ አስወጪው።" በሩን ልትዘጋ ገፋ አደረገችው። ከዚያ ቆም አለች። "...ወይም ተይው።"

ያኔ ድንጋጤ መስሎኝ ነበር ፊቷ ላይ ያየሁት። አሁን ሳስበው ድንጋጤ አልነበረም።

እየሮጥኩ ተመለስኩ። ፕሬበን ግቢው ውስጥ የለም። የዳቦው ከረጢት ደረጃው ላይ ተቀምጧል፣ ገና ትኩስ ነው።

ቫግን አጥሩ ጋ ቆሟል። ወደ እኔ አያይም።

"ፕሬበን የት ሄደ?"

"ወደ ታች ወረደ።"

"ለምን?"

"ጠሩት። 'ፕሬበን፣ ና እጅ ስጠን' አሉት።"

"እነማን?"

ሽማግሌው አጥሩን በሁለት እጁ ያዘ።

"ከእኛ ማንም አልወረደም፣ ቢርተ።"

በስሜ ሲጠራኝ የመጀመሪያው ነበር።

በአሸዋው ጉብታ ላይ እየተንሸራተትኩ ወረድኩ። ጭጋጉ ከታች ይብሳል። ባሕሩ አይታይም፣ ይሰማል እንጂ። ከዚያ የባሌን ድምፅ ሰማሁ። እየሳቀ ነው።

"...እንዳንረጥብ ነዋ!" ይላል።

መልስ የሚሰጠው አልሰማሁም።

"ፕሬበን!"

"እዚህ ነኝ! ነይ ነይ!"

እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ቆሟል። በሁለት እጁ ወፍራም ገመድ ይዞ ወደ ኋላ ተለጥጧል። የገመዱ ሌላ ጫፍ ጭጋጉ ውስጥ ገብቷል።

"ምን እያደረግክ ነው?"

"ጀልባ ነው መሰለኝ። እጅ ስጠን አሉኝ፣ ቢርተ!" ፊቱ በርቷል። እንደዚያ ደስ ብሎት ካየሁት ቆይቷል።

"ልቀቀው። ቤት እንግባ።"

"እንዴት እለቃለሁ? ሰዎቹስ?"

"የቶቹ ሰዎች? አይታዩኝም!"

"እኔም አይታዩኝም፣ ጭጋግ ነዋ። ይሰማሉ እኮ።"

"እኔ ምንም አይሰማኝም፣ ፕሬበን..."

"ዝም በይማ። እየመጣ ነው..."

ገመዱ ረገበ። አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄደ። ሌላ እርምጃ። እኔም ከነጫማዬ ገባሁ፣ የካፖርቱን ጀርባ ጨመደድኩ። ውኃው አጥንት ይበላል።

"እጅህን ስጠኝ!" አለ ባሌ፣ ወደ ጭጋጉ። "ያዝኩህ! በርታ!"

ማዕበል መጣ። ዓይኔን ጨው ሞላው። ካፖርቱ ከእጄ ወጣ...

ዓይኔን ጠርጌ ስገልጥ በአጠገቤ ሰው አልፎ ወደ አሸዋው ወጣ።

ፈጣሪ ይመስገን አልኩ። ከዚያ ወዲያው ንዴቴ ገነፈለ። ተከተልኩት።

"እብድ!" እለዋለሁ ከኋላው። "በዚህ ዕድሜህ! ለእነዚህ ሰዎች ብለህ! አንድ ቀን ቤታቸው ላልጠሩህ ሰዎች ልትሞት?"

አይመልስም። ውኃ እያንጠባጠበ ይሄዳል።

"ነገ ዕቃችንን ጭነን እንሄዳለን። ሰማኸኝ? አንድ ቀን አልጨምርም!"

ጉብታውን እስክንወጣ ድረስ ተቆጣሁት። መቆጣት የምችለውን ሁሉ ተቆጣሁት። ጭጋጉ ከላይ ሳሳ። ትከሻው ጠበብ ያለ መሰለኝ። ብርዱ ነው አልኩ። አረማመዱ ፈጠነብኝ። እኔ ደክሜ ነው አልኩ።

ከዚያ አናቱን አየሁት።

ጥቅጥቅ ያለ ቡናማ ፀጉር ነበረው...

ቆምኩ።

እሱ አልቆመም። አንዴም ሳይዞር በጭጋጉ ውስጥ ወደ ቤቶቹ ሄደ።

ወደ ታች እንዴት እንደወረድኩ አላውቅም። ባሕሩ ላይ ማንም አልነበረም። ጀልባም አልነበረም። ገመድም። ድምፄ እስኪጠፋ ጠራሁት።

ጀልባና ሄሊኮፕተር መጣ። ጠላቂዎች ገቡ። ፖሊሱ ወጣት ልጅ ነበር፣ ጥሩ ልጅ።

"አንድ ሰው ከውኃው ወጥቷል" አልኩት።

"ማን?"

"አላውቅም። ባሌ ነው ያወጣው።"

"ውኃው በጣም ቀዝቃዛ ነበር" አለኝ በርኅራኄ። "አእምሮ በእንዲህ ያለ ጊዜ..."

ስለ አእምሮዬ ማን ጠየቀው?

አላገኙትም። እስከ ዛሬ።

መንደሩ ግን ያኔ በራችንን አወቀው። ኬክ ይዘው መጡ፣ ሾርባ ይዘው መጡ። ቆሻሻ የሚነሳው ማክሰኞ እንደሆነ ነገሩኝ። ቫግን ኩሽናዬ ውስጥ ቆቡን እያሽከረከረ ቆሞ "ይህን ያህልም መጥፎ ሰው አልነበረም" አለኝ። እዚህ አገር ከዚህ በላይ ምስጋና የለም። ከዚያ አለቀሰ። እኔ ማልቀስ አቃተኝ። የሚቀበር የለኝ፣ የሚለቀስበት የለኝ። ሳህኑን ሁሉ መወርወር ነበር የፈለግኩት።

ያልመጣችው አስላውግ ብቻ ናት።

ሳምንት ጠበቅኋት። መጋረጃዋ ቀን ከሌት ተዘግቷል። ያቺ ለአንድ ሰው የምታበስል አሮጊት ከሱቅ በሁለት እጇ ተሸክማ ስትገባ አየኋት።

ከሰዓት በኋላ ተሻግሬ በሯን ደበደብኩ። ደግሜ ደበደብኩ።

"አስላውግ! እዚያ እንዳለሽ አውቃለሁ!"

በሩ በስንጥቅ ተከፈተ። ግማሽ ፊቷ ብቻ ይታያል። ዱቄት ጉንጯ ላይ አለ። ሰባ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ሴት... ፊቷ እንደ ልጅ ፊት ያበራል።

"ባሌ የት ነው?" አልኳት።

"አላውቅም፣ የኔ እህት።"

"ታውቂያለሽ! ያኔ ነግረሽኝ ቢሆን... ንገሪኝ! ወደ የት ነው የሚሄዱት? እንዴት ነው የሚመለሱት?"

አፏን ከፈተች። ልትነግረኝ ነበር። እምላለሁ ልትነግረኝ ነበር።

ከኋላዋ ወንበር ተንቋቋ።

"ማን ናት?" አለ የወንድ ድምፅ። ወጣት ድምፅ ነው። አነጋገሩ ግን ቫግን እንኳን የማይናገረው የድሮ የባሕር ዳር አነጋገር ነው።

አስላውግ ዓይኗን ከእኔ ላይ አልነቀለችም።

"ጎረቤት ናት፣ አባባ" አለች።

በስንጥቁ ውስጥ ጠረጴዛው ይታየኝ ነበር። ጠረጴዛው ላይ አንድ እጅ አለ። ነጭ፣ ውኃ ውስጥ እንደቆየ ጣት የተጨማደደ። ማንኪያ ለመያዝ ይሞክራል። ማንኪያው ይወድቃል። ያነሳዋል።

ይወድቃል...

"አስላውግ" አልኩ።

ጣቷን ከንፈሯ ላይ አደረገች። ሕፃን ያስተኛች እናት እንደምታደርገው።

ከዚያ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው።